የኢጣሊያን ሪፐብሊካንና ሊበራል ፓርቲዎች ታሪክ እንዴት ማጥናት እንደሚቻል

የኢጣሊያን ሪፐብሊካንና ሊበራል ፓርቲዎች ታሪክ ማንበብ የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ ገና በመግቢያው ላይ ግራ ይጋባል። ሊበራል የሚባሉት ሰዎች ከ1861 እስከ 1922 አገሪቱን ሲያስተዳድሩ ሊበራል ፓርቲ የሚባል አገር አቀፍ ድርጅት አልነበራቸውም፤ ድርጅቱ በቦሎኛ ከተማ የተመሠረተው በኦክቶበር 1922፣ ማለትም ሙሶሊኒ ለጠቅላይ ሚኒስትርነት በተሾመበት ወር ነው። ሪፐብሊካኖቹ በአንጻሩ በኤፕሪል 1895 በዚያችው በቦሎኛ ፓርቲ ቢያቋቁሙም፣ ስሙን የያዙለትን ሥርዓት ለማየት 51 ዓመት መጠበቅ ነበረባቸው። አንዱ መንግሥት ነበረው፣ ፓርቲ ግን አልነበረውም፤ ሌላው ፓርቲ ነበረው፣ መንግሥት ግን አልነበረውም። የፓርቲ ስሞችን በዓመተ ምሕረት ደርድሮ የሚያጠና ሰው ይህን ልዩነት ሳያየው ያልፋል። ከዚህ በታች የቀረበው መንገድ ይህን ስሕተት ለማስቀረት የታሰበ ነው። ሌላ ካልተጠቀሰ በስተቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በመጀመሪያ ስሙን ትተው አንድ ጥያቄ ይያዙ

ጥያቄው ይህ ነው፦ የሚያጠኑት ሰው ወይም ቡድን ለሳቮያ ዘውድ፣ ማለትም ከ1861 ጀምሮ ኢጣሊያን ለገዛው ንጉሣዊ ቤት፣ የነበረው አቋም ምን ነበር? እስከ 1946 ድረስ ሁለቱን ወገኖች የሚለያቸው ዋናው ድንበር ይህ ነው፤ የኢኮኖሚ፣ የትምህርትና የሃይማኖት ጉዳይ ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። ጄኖቫ ውስጥ በ1805 የተወለደው ጁዜፔ ማዚኒ በ1831 በማርሴይ በስደት ሳለ ‹ወጣት ኢጣሊያ› የተባለውን ማኅበር ሲያቋቁም፣ አገሪቱ አንድ መሆን ያለባት በሕዝብ ሥልጣን እንጂ በንጉሥ ሠራዊት እንዳልሆነ ወስኖ ነበር። በ1849 በሮም ለጥቂት ወራት የቆመችውን ሪፐብሊክ ከሁለት ጓዶቹ ጋር የመራውም በዚሁ እምነት ነው። የፒዬሞንቱ ካሚሎ ካቩር ደግሞ አንድነቱን በዘውዱ ጥላ ሥር፣ በፓርላማና በዲፕሎማሲ ሊያሳካው ተነሣ፤ ተሳካለትም። በ1861 የኢጣሊያ መንግሥት ሲታወጅ ማዚኒ በተሸናፊነት ቀረ፤ በ1872 በፒሳ ሲሞት በገዛ አገሩ በሐሰት ስም ተሸሽጎ የሚኖር ሰው ነበር። የሪፐብሊካኖቹን ቁጣ፣ ከምርጫ ለረጅም ጊዜ መራቃቸውንም ለመረዳት ይህን ሽንፈት በደንብ ማጤን ያስፈልጋል።

በሪፐብሊካኖቹ መካከል የነበረውንም ልዩነት አይዝለሉት። ማዚኒ አንድና ያልተከፋፈለች ሪፐብሊክ ሲሻ፣ በ1848 የሚላኖ የአምስት ቀን አመፅ ከመሪዎቹ አንዱ የነበረው ካርሎ ካታኔዎ ግን የፌዴራል ሥርዓት ይሻል ነበር። በኋላ ዘመን ፓርቲው ስለ አካባቢ አስተዳደር ሲከራከር የሁለቱም ድምፅ አብሮ ይሰማል።

ከዚያ አንድን ሰው ከወጣትነቱ እስከ ሹመቱ ይከተሉ

የኢጣሊያ ፖለቲከኞች ወገን የሚቀይሩባቸው ዓመታት ከፓርቲ ጉባኤዎች የበለጠ ያስተምራሉ ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዋና ሰው አንድ ገጽ ይክፈቱና በየዓመቱ የት እንደነበረ፣ ከማን ጋር እንደሠራና በዘውዱ ላይ ምን እንዳለ ይመዝግቡበት።

ለእኛ አንባቢዎች ቅርብ የሆነው ምሳሌ ፍራንቼስኮ ክሪስፒ ነው። ክሪስፒ በወጣትነቱ የማዚኒ ተከታይ ነበር፤ በ1860ም ከጋሪባልዲ ጋር ወደ ሲሲሊ ዘምቷል። በ1864 ግን በምክር ቤት ውስጥ ዘውዱ እንደሚያስተባብር፣ ሪፐብሊክ ግን እንደሚከፋፍል ተናገረ፤ ከዓመታት በኋላም የንጉሡ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ‹ታሪካዊው ግራ› ከሚባለው ወገን የወጣው ይህ ሰው ነው ኢጣሊያን ወደ አድዋ የነዳት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የደረሰው ሽንፈት በቀናት ውስጥ ከሥልጣን አወረደው፤ በቦታው የተተካው አንቶኒዮ ዲ ሩዲኒ ከወግ አጥባቂው ‹ቀኝ› የመጣ ሲሆን፣ በኦክቶበር 1896 በአዲስ አበባ የተፈረመው የሰላም ውል በእርሱ መንግሥት የተፈጸመ ነው። ግራ የተባለው ወረረ፣ ቀኝ የተባለው ታረቀ። ክሪስፒን በምክር ቤት ያለ ዕረፍት ሲሞግቱት የነበሩት ደግሞ ‹ጽንፈኛው ወገን› ተብለው ይጠሩ የነበሩት ራዲካሎች፣ ሪፐብሊካኖችና ሶሻሊስቶች ነበሩ፤ ከእነርሱም ውስጥ የራዲካሎቹ መሪ ፌሊቼ ካቫሎቲ የክሪስፒ ብርቱ ባላጋራ ነበር። ‹ግራ›ና ‹ቀኝ› የሚሉትን ቃላት ያለ ምርመራ የተቀበለ አንባቢ ይህን አንድ ክስተት እንኳ ማስረዳት አይችልም።

ሁለተኛው ሊከተሉት የሚገባ ሰው ፒዬትሮ ኔኒ ነው። የኢጣሊያ ሶሻሊስቶች የረጅም ዘመን መሪ ሆኖ የሚታወቀው ኔኒ ሥራውን የጀመረው በሮማኛ በሪፐብሊካንነት ነው። በ1911 የሊቢያን ጦርነት በመቃወሙ ታስሯል፤ በዚያን ጊዜ አብሮት የታሰረው የፎርሊ ሶሻሊስት ቤኒቶ ሙሶሊኒ ነበር። ወደ ሶሻሊስት ፓርቲ የገባው በ1921 ነው።

ሦስተኛው ኡጎ ላ ማልፋ ነው፤ ሁለቱን ወንዞች ያገናኘ ሰው በመሆኑ ሰፋ ያለ ገጽ ይገባዋል። በ1903 በፓሌርሞ የተወለደው ላ ማልፋ በወጣትነቱ ከሊበራል ዴሞክራቱ ከጆቫኒ አሜንዶላ ጋር ቆመ፤ በ1942 የተግባር ፓርቲ የሚባለውን ፀረ ፋሺስት ፓርቲ ከመሠረቱት አንዱ ሆነ፤ በ1946 ያን ፓርቲ ለቅቆ ወደ ሪፐብሊካኖቹ ገባ፤ በኋላም ከ1965 እስከ 1975 በዋና ጸሐፊነት መራቸው። ከእርሱ በኋላ የነበረው ሪፐብሊካን ፓርቲ የማዚኒን ሥዕል በግድግዳው ላይ ቢሰቅልም፣ አሳቡ በአብዛኛው ከአሜንዶላ የሊበራል ዴሞክራሲ የመጣ ነው። ይህን ለውጥ ያልወደዱ ነባር አባላት ነበሩ። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት የጋሪባልዲን ሻለቃ ያዘዘው ራንዶልፎ ፓቻርዲ ከሶሻሊስቶች ጋር የተመሠረተውን የመሃል ግራ ጥምረት በመቃወሙ በ1960ዎቹ ከፓርቲው ተባሯል።

የምርጫ ሕጉን ከድምፁ በፊት ያንብቡ

ከ1919 በፊት ያለውን የሊበራሎች ጥንካሬ በድምፅ ብዛት መለካት ያሳስታል። በ1861 የመምረጥ መብት የነበረው ከሕዝቡ 2 ከመቶ የሚያህል ብቻ ነበር፤ የ1882ቱ ሕግ ወደ 7 ከመቶ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጆቫኒ ጆሊቲ ያወጣው የ1912ቱ ሕግ ደግሞ ወደ 23 ከመቶ አሳደገው። በዚህ ላይ የካቶሊኮች ጉዳይ አለ። የኢጣሊያ ጦር በሴፕቴምበር 1870 ሮምን ከያዘ በኋላ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ምእመናን በአገር አቀፍ ምርጫ እንዳይሳተፉ ከለከሉ፤ ክልከላው ቀስ በቀስ የላላው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ሊበራሎቹ የሚወዳደሩት በጠባብ ሜዳ ላይ ነበር። አንድ ተወካይ በሚመረጥባቸው ወረዳዎች ሕግ ባለሙያው፣ ሐኪሙ ወይም ባለመሬቱ በግል ዝናው ይመረጣል፤ በደቡብ ደግሞ የመንግሥት አስተዳዳሪዎች እጃቸውን ያስገባሉ። ተመራጩ ሮም ከገባ በኋላም የሚደግፈውን መንግሥት በየጉዳዩ ይመርጣል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አጎስቲኖ ዴፕሬቲስ በ1882 በግልጽ ያራመደው፣ ተቃዋሚዎችን በሹመትና በጥቅም ወደ መንግሥት ጎራ የማስገባት ዘዴ ያለ ፓርቲ ለመግዛት ያስቻለው በዚህ መሠረት ላይ ነው። ጆሊቲም ዘዴውን ከማንም በላይ አሳምሮ ተጠቅሞበታል።

በ1919 ተመጣጣኝ ውክልና ሲገባ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ተናጋ። ከ508 መቀመጫዎች ሶሻሊስቶች 156፣ የካቶሊኮቹ ሕዝባዊ ፓርቲ 100 ወሰዱ፤ ሁለቱ ተደምረው ከግማሽ በላይ ናቸው። ዝርዝር አቅርቦ ለመወዳደር የሚያስችል ድርጅት ያልነበራቸው ሊበራሎች የተሸነፉት በአሳባቸው ብቻ ሳይሆን፣ ፓርቲ የሚባለውን ነገር ለ60 ዓመታት እንደማያስፈልግ በመቁጠራቸው ጭምር ነው።

አንድ ክልል መርጠው ወደ መሬት ይውረዱ

ለሪፐብሊካኖቹ ከሮማኛ የተሻለ ቦታ የለም። ራቬና፣ ፎርሊና ቼዜና በሚገኙበት በዚህ ክልል ሪፐብሊካንነት በመጻሕፍት የተማሩት ሳይሆን ከአባት የሚወርሱት ነገር ነበር፤ ፓርቲው የራሱ የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ የመሰብሰቢያ ቤቶችና የሠራተኛ ምክር ቤቶች ነበሩት፤ አርማው የሐረግ ቅጠል የሆነው ይህ ፓርቲ በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች ስሙ እንኳ በማይሰማበት ዘመን በዚህ ከንቲባዎችን ያስመርጥ ነበር።

ተራው አባል ማን እንደነበረ የሚያሳይ ጥሩ መስኮት በ1910 የተነሣው የመውቂያ ማሽኖች ጠብ ነው። በራቬና አካባቢ ሁለት ዓይነት ገበሬዎች ነበሩ፦ መሬት ከባለቤቱ ወስደው ምርቱን የሚካፈሉ እኩል አራሾች፣ መሬት የሌላቸው የቀን ሠራተኞችም። እኩል አራሾቹ በብዛት ወደ ሪፐብሊካኖቹ፣ የቀን ሠራተኞቹ ደግሞ ወደ ሶሻሊስቶቹ ያዘነበሉ ነበሩ። ስንዴ የሚወቃው ማሽን በማን እጅ ይሁን የሚለው ጥያቄ ሁለቱን አጋጫቸው፤ የሪፐብሊካኖቹ ማሽኖች ‹ቢጫ›፣ የሶሻሊስቶቹ ‹ቀይ› ተባሉ፣ ጠቡም እስከ ደም መፋሰስ ደረሰ። ሁለቱም ወገኖች ዘውዱን ይቃወሙ ነበር፤ በአውድማው ላይ ግን ጠላቶች ሆኑ። እንዲህ ያለውን የአካባቢ ታሪክ ያላነበበ ሰው ሪፐብሊካኖች ለምን ብዙኃን ፓርቲ መሆን እንዳልቻሉ የሚሰጠው መልስ ግማሽ ብቻ ይሆናል።

ለሊበራሎቹ ተመሳሳይ ሥራ መሥራት የሚፈልግ ፒዬሞንትንና ኔፕልስን ጎን ለጎን ያስቀምጥ፤ በመጀመሪያው የኢንዱስትሪና የጋዜጣ ሰዎችን፣ በሁለተኛው ጠበቆችንና ባለመሬቶችን ያገኛል።

ከ1922 እስከ 1926 ያሉትን ዓመታት በዝግታ ይለፉ

በዚህ ጊዜ ሊበራል የሚለው ስም ቢያንስ በሦስት ይከፈላልና፣ በደፈናው ‹ሊበራሎች ፋሺዝምን ደገፉ› ወይም ‹ተቃወሙ› ብሎ መጻፍ አይገባም። የመጀመሪያው ወገን በ1924 ምርጫ በሙሶሊኒ የጋራ ዝርዝር ውስጥ የገባው ነው፤ አንቶኒዮ ሳላንድራንና ቪቶሪዮ ኤማኑኤሌ ኦርላንዶን የመሳሰሉ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች እዚህ ይገኛሉ። ሁለተኛው በመጠባበቅ ቆይቶ በኋላ የተለየው ነው። ፈላስፋው ቤኔዴቶ ክሮቼ በ1924 በሶሻሊስቱ በጃኮሞ ማቴዎቲ ግድያ ማግስት እንኳ በሴኔት ለመንግሥቱ የድጋፍ ድምፅ ሰጥቶ ነበር፤ በሜይ 1925 ግን የፀረ ፋሺስት ምሁራንን መግለጫ ጽፎ ግልጽ ተቃዋሚ ሆነ። ሦስተኛው ከመጀመሪያው የተዋጋውና ዋጋውን በሕይወቱ የከፈለው ነው፦ አሜንዶላ በ1925 በፋሺስቶች ተደብድቦ በቀጣዩ ዓመት በፈረንሳይ ሞተ፤ በቱሪን ‹ሊበራል አብዮት› የተባለውን መጽሔት ያዘጋጅ የነበረው ፒዬሮ ጎቤቲም በ1926 በፓሪስ ሲሞት ዕድሜው ገና 24 ነበር።

ካርሎ ሮሴሊ በ1929 በፓሪስ ከጓደኞቹ ጋር ያቋቋመው ‹ፍትሕና ነጻነት› የተባለው ንቅናቄ የጎቤቲን ውርስ ከሶሻሊዝም ጋር ያስታረቀ ነው፤ ሮሴሊ በጁን 1937 ከወንድሙ ከኔሎ ጋር በፈረንሳይ ተገደለ። እዚህ ላይ እንደ ኢትዮጵያዊ ማስተዋል የሚገባን አንድ ልዩነት አለ። በ1935 ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር የሮሴሊ ንቅናቄ ጦርነቱን ተቃወመ፤ ክሮቼ ግን የመንግሥቱን ፖሊሲ እንደማይደግፍ ቢገልጽም፣ ለጦርነቱ ወርቅ ለተሰበሰበበት ለ‹ወርቅ ለአገር› ዘመቻ የሴናተርነት ሜዳልያውን ሰጠ። ፀረ ፋሺስት መሆንና የቅኝ ግዛት ጦርነትን መቃወም ሁልጊዜ አብረው እንዳልሄዱ ይህ በቂ ማስረጃ ነው፤ በየሰዉ ገጽ ላይ ሁለቱን ለየብቻ መዝግቡ የምለውም ለዚህ ነው።

በ1946 ጥያቄውን ይቀይሩ

በጁን 2 ቀን 1946 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 12,717,923 መራጮች ለሪፐብሊክ፣ 10,719,284 ለዘውዱ ድምፅ ሰጡ። እስከዚህ ድረስ የመራዎት የዘውድ ጥያቄ እዚህ ላይ አገልግሎቱን ይጨርሳል። ሪፐብሊካን ፓርቲ ከንጉሡ መንግሥት ጋር ላለመተባበር ሲል የፀረ ፋሺስት ፓርቲዎች ኅብረት ከነበረው ከብሔራዊ ነጻ አውጪ ኮሚቴ እንኳ ውጭ ቆይቶ ነበር፤ በሕገ መንግሥት ጉባኤው ምርጫ ግን ያገኘው 4.4 ከመቶ ነው። የሊበራል ፓርቲው አመራር በአብዛኛው ለዘውዱ ያደላ ነበር፤ ሆኖም ጊዜያዊው ርዕሰ ብሔር ኤንሪኮ ዴ ኒኮላም ሆነ በ1948 ፕሬዚዳንት የሆነው ሉዊጂ ኢናውዲ ከሊበራሎቹ ወገን የመጡ ናቸው። ኢናውዲ ከሕዝበ ውሳኔው በፊት ዘውዱን እንደሚመርጥ በይፋ የጻፈ ሰው ነው። ከሪፐብሊካን ፓርቲ ግን እስከ ዛሬ አንድም ፕሬዚዳንት አልወጣም።

ከዚህ በኋላ ይዘው የሚሄዱት ጥያቄ ‹መንግሥት በኢኮኖሚው ውስጥ ምን ያህል ይግባ?› የሚለው ነው። በ1962 የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ መንግሥት ሲዛወር ሊበራሎቹና ሪፐብሊካኖቹ በተቃራኒ ወገን ቆሙ፤ የሊበራሎቹ መሪ ጆቫኒ ማላጎዲ ተቃውሞውን ሲመራ፣ የበጀት ሚኒስትሩ ላ ማልፋ ለመንግሥት ዕቅድ ይሟገት ነበር። የሊበራል ፓርቲ ግራ ክንፍ ቀደም ብሎ፣ በ1955 መጨረሻ፣ ተገንጥሎ ራዲካል ፓርቲን መሥርቷል፤ ማርኮ ፓኔላ በኋላ የመራው ይኸው ፓርቲ ነው። በፍቺ ጉዳይ ግን ሊበራሎችም ሪፐብሊካኖችም ራዲካሎችም በአንድ ወገን ተሰለፉ፤ በ1974 የፍቺ ሕጉ በሕዝበ ውሳኔ በ59.3 ከመቶ ጸና። ከቤተ ክርስቲያን ጋር ያለው ግንኙነት ሁለተኛ ጥያቄዎ ይሁን።

ቁጥሮቹን ከሥልጣን ጋር ያነጻጽሩ

ሊበራሎቹ ከፍተኛውን ውጤት ያገኙት በ1963 በ7.0 ከመቶ ነው፤ በ1976 ወደ 1.3 ወረዱ። ሪፐብሊካኖቹ በ1958ና በ1963 1.4 ከመቶ ብቻ ነበራቸው፤ ከፍተኛቸው የ1983ቱ 5.1 ነው። ሠንጠረዡን ብቻ ያየ ሰው ጉዳዩን ትቶት ይሄድ ነበር። ነገር ግን ከጦርነቱ በኋላ ትልቁ ፓርቲ የነበሩት ካቶሊካዊዎቹ ክርስቲያን ዴሞክራቶች ብቻቸውን መግዛት በማይችሉባቸው ዓመታት እነዚህ ጥቂት መቀመጫዎች ሚኒስቴሮችን፣ አንዳንዴም የመንግሥቱን ዕድሜ ይወስኑ ነበር። የታሪክ ምሁሩ ሪፐብሊካን ጆቫኒ ስፓዶሊኒ በጁን 1981 ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን፣ ፓርቲው በመጨረሻው ምርጫ ያገኘው 3.0 ከመቶ ነበር፤ ሆኖም በሪፐብሊኩ ታሪክ ከክርስቲያን ዴሞክራቶች ውጭ የመጣ የመጀመሪያው የመንግሥት መሪ ሆነ። የ‹ፒ 2› የተባለው ምሥጢራዊ ማኅበር ቅሌት የቀድሞውን መንግሥት ባያፈርስ ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር። ስለዚህ ከእያንዳንዱ የምርጫ ውጤት አጠገብ ያኔ የተያዙትን ሚኒስቴሮች ይጻፉ።

ምንጮቹ

የምርጫ ውጤቶች በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር የታሪክ ማኅደር፣ የምክር ቤቱ ንግግሮች በተወካዮች ምክር ቤት የታሪክ ድረ ገጽ ይገኛሉ። ለሪፐብሊካኖቹ በ1921 የተመሠረተው የፓርቲው ጋዜጣ ‹የሪፐብሊካን ድምፅ›ና በፒሳ ማዚኒ በሞተበት ቦታ ያለው ተቋም፣ ለሊበራሎቹ በቱሪን የሚገኙት የኢናውዲ ፋውንዴሽንና የጎቤቲ ማእከል ዋናዎቹ ናቸው። በሮም በማእከላዊው የመንግሥት ቤተ መዛግብት ያለው የፖሊስ የፖለቲካ ተጠርጣሪዎች መዝገብ በተለይ ውድ ነው፤ በክሪስፒ ዘመን በ1894 ተጀምሮ ፋሺስቶች እጅግ ያስፋፉት ይህ ስብስብ ስለ ተራ ሪፐብሊካኖች ሌላ ቦታ የማይገኝ ዝርዝር ይዟል። ‹ሪፐብሊካን› ወይም ‹አናርኪስት› የሚለውን ምድብ የሰጠው ግን ፖሊሱ ነው፤ ሰውየው ራሱን ምን ብሎ ይጠራ እንደነበር ከጋዜጣው ጋር ያመሳክሩ።

ከ1992 በኋላ

በሚላኖ በ1992 የጀመረው የሙስና ምርመራና በ1993 የወጣው፣ ሦስት አራተኛውን መቀመጫ በአንድ ተወካይ ወረዳዎች የሚያስመርጠው ሕግ አሮጌዎቹን ፓርቲዎች አፈረሱ። ሊበራል ፓርቲ በፌብሩዋሪ 1994 ራሱን አከሰመ፤ አባላቱም ወደ ተለያዩ ወገኖች ተበታተኑ። በ1997 በተመሳሳይ ወግ የተነሣውን አነስተኛ ፓርቲ የአሮጌው ቀጥተኛ ተከታይ አድርገው አይመዝግቡ፤ በሰንጠረዡ ላይ ሦስት የተለያዩ መስመሮች ያስምሩ፦ ከ1922 እስከ 1926፣ ከ1943 እስከ 1994፣ ከ1997 ወዲህ። ሪፐብሊካን ፓርቲ ግን በፋሺዝም ዘመን በፈረንሳይ ስደት ስለቀጠለና በ1994ም ስላልፈረሰ፣ ከ1895 ጀምሮ በአንድ መስመር ሊሳል ይችላል፤ በ2001 ከመሃል ቀኙ ጋር ሲተባበር ይህን ያልተቀበሉት አባላት ወጥተው የአውሮፓ ሪፐብሊካኖች ንቅናቄን መሥርተዋልና፣ በዚያ ዓመት ላይ ቅርንጫፉን ለይተው ያውጡት።